ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው

የመጋዘኑ ሰው (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ ቃሊቲ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ መጋዘን የሕንፃና ንብረት ኃላፊ ነኝ። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ እናስቀምጣለን። አንድ ማቀዝቀዣ ክፍል አለን፤ ውስጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ባለፈው ነሐሴ የገጠመንን ልንገራችሁ፣ የእናንተንም ልስማ። ክረምቱ ሳይገባ ብንነጋገርበት ብዬ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ከምሽት ጀምሮ አላባራም። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ በራሱ መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም። የሌሊት ጥበቃችን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደ ጄኔሬተር ቤት ሄዱ፤ ተቆልፏል። ቁልፉ ቴክኒሻኑ ጋ ነው። ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈው ቁጥር ደወሉ። ያ ሰው ደግሞ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔን ያገኙኝ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቁጥሬንም የሰጣቸው አንድ ሾፌር ነው።

መንገዱ ውሃ ሞልቶት ነበርና ስደርስ 11 ሰዓት ሆነ። የበሩ ቴርሞሜትር 7.5 ይላል። ገና 8 አልሞላም። ምክንያቱን ያየሁት ያኔ ነው። ጋሼ ወንበራቸውን አምጥተው የማቀዝቀዣው በር ላይ ተቀምጠዋል። እስቶር ኪፐራችን ሰፈሩ ቅርብ ስለሆነ ቀድሞኝ ደርሶ "ገብቼ ልየው" ቢላቸው እምቢ ብለውታል። "ልጅ ሆኜ ሥጋ ቤት ሠርቻለሁ። በሩን በከፈትክ ቁጥር ብርዱ በእግርህ ሥር ነው ሾልኮ የሚወጣው" አሉት። ዕቃው የተረፈው በዚህ ነው።

በሩን አስገንጥዬ ጄኔሬተር ቤት ገባሁ። ባትሪው ሞቷል። የባትሪው ቻርጀር ከሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። ከመኪናዬ ባትሪ በኬብል ሰጥተን አስነሳነው።

ዕቅድ አልነበራችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለን። 46 ገጽ ነው። "መብራት ሲቋረጥ ጄኔሬተሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይነሳል" ይላል። ከዚያ ወደ ጎርፍ ያልፋል። ካልተነሳስ? የለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው "ካልሆነስ" ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ጥበቃ የሚለው ቃል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም "ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል" ይላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚመለከተው አካል ማነው? ግቢው ውስጥ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዱን ከጥበቃው ጀምሬ እየጻፍኩት ነው። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ጄኔሬተር ጠጋኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02)

ወንድሜ እንኳን ዕቃው ተረፈ። እኔ ገላንና ዱከም በኩል ነው የምሠራው። "ጄኔሬተሩ እምቢ አለ" ተብዬ ስጠራ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ባትሪ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያለህ፤ ያ ነው መጀመሪያ የሚገድልህ። በሙቅ ውሃና በሶዳ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል። የ12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ካላሳየ ሙሉ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ባዶውን ማስነሳት ነው። ብዙ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ያስነሱና "ይሠራል" ብለው ይመዘግባሉ። እሱ ሞተሩን ያበላሸዋል እንጂ አይፈትነውም። ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቁር እርጥብ ነገር ይከማቻል። በወር አንዴ መብራት የሄደ ይመስል ዝም ብለህ ዋናውን ብሬከር አውርደው። ቼንጅ ኦቨሩ (ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ማብሪያ) በራሱ ይገልብጥ። ማቀዝቀዣውን፣ ፓምፑን፣ ሁሉንም ይሸከም። ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ያን ጊዜ እውነቱን ትሰማለህ።

ሰው የሚረሳው ደግሞ ከፍታችንን ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 100 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው እዚህ ከ75 እስከ 80 ቢሰጥህ ነው። አቃቂ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ይሻልሃል። ቱርቦ ያለው ያን ያህል አያጣም፤ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የከፍታ ሠንጠረዥ ማየት ነው። ሰሌዳው ላይ ባለው ቁጥር ተማምነህ ሁሉንም ስትጭንበት ሌሊት ላይ ይሰናከልብሃል። የትኛው መጀመሪያ እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚቀር ቀድመህ ወስን።

ቱሉ ዲምቱ ኮሚቴ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

እኔ መጋዘን የለኝም፤ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ግን የተናገርከው ሁሉ የኛም ነው። እኛ ጋ ጥበቃው አንድ ነው፣ ብሎኩ ብዙ ነው።

የኛ ትልቁ ጭንቅ ውሃ ነው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም አራተኛ ፎቅ ደረቅ ይሆናል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በአንድ ብሎክ 20 ቤት፣ በየቤቱ 4 ሰው፣ 80 ሰው። ለአደጋ ጊዜ ትንሹ ተብሎ የሚነገረው በሰው 15 ሊትር በቀን ነው። 1,200 ሊትር ማለት ነው። የኛ ሮቶ 5,000 ይይዛል፤ አራት ቀን ያቆየናል። በአንድ ሁኔታ ብቻ፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁሉም ባለው ባልዲ ሁሉ ካልቀዳ። እናም ተስማማን። ፓምፕ ከቆመ የሮቶው ቫልቭ ይዘጋል፣ ጠዋትና ማታ ይከፈታል፣ በቤት ሁለት ጀሪካን። ቫልቩን ቀይ ቀባነው። ጥበቃችን ማንበብ ባይችሉም ቀዩን ያውቁታል።

ሌላው በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ የሆነው ነው። ፎቅ ላይ ያለን ሁላችን ተሰማን። ሰው በሌሊት ልብስ በአንድ ደረጃ ተጋፍቶ ወረደ። ታች ደርሰን ማን እንደቀረ የሚያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሱ እናት እንዳሉ ሰማሁ። ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው። ጎረቤት ሆኜ አላውቅም ነበር፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። አሁን በየብሎኩ ማን ብቻውን መውረድ እንደማይችል፣ ማን መውለጃዋ እንደደረሰ፣ ማን በመብራት የሚሠራ የሕክምና ዕቃ እንዳለው በደብተር አለን። አንዱ ደብተር እኔ ጋ፣ አንዱ ጥበቃው ጋ።

በጀት ያዥ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10)

የምትሉት ሁሉ ትክክል ነው። ግን ገንዘቡስ? እኔ ፋይናንስ ላይ ነው የምሠራው። ንብረት ክፍል በየዓመቱ ሁለተኛ ጄኔሬተር፣ ትልቅ ታንከር፣ ካሜራ ብሎ ይጠይቃል። አለቆቻችን ደግሞ "ላልመጣ ነገር" ብለው ይሰርዙታል። እኔም መሃል ላይ ሆኜ ምን ብዬ ላስረዳ?

የመጋዘኑ ሰው (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡35)

በጀት ያዥ፣ ጥያቄህ ከልብ ነው፤ እኔም ከልቤ ልመልስልህ። ጄኔሬተር ጠጋኝና እህታችን ደግሞ እናመሰግናለን፤ ቀዩን ቫልቭ ነገ እቀዳዋለሁ።

እኔም ለዓመታት ዕቃ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ዘንድሮ ዕቃ መጠየቅ ትቼ ጥያቄ ጠየቅኩ። ለየክፍሉ ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ፦ "ስንት ሰዓት ብንቆም ነው የማንመለሰው?" ማቀዝቀዣ ክፍሉ፣ በሩ ካልተከፈተ ሦስት ሰዓት ተኩል። ይህን ከነሐሴዋ ሌሊት አውቀነዋል። ደረቅ ዕቃው ሁለት ቀን ቢቆም ምንም አይሆንም። ቢሮው ሳምንት ይችላል። የመጫኛ በሩ ግማሽ ቀን። ይህ ሲጻፍ አለቆቼ ራሳቸው ጣታቸውን የማቀዝቀዣው ላይ አሳረፉ። ሁለተኛ ጄኔሬተር ለግቢው ሁሉ አያስፈልግም፤ ለማቀዝቀዣው ብቻ የሚበቃ ትንሽ ማሽን ይበቃል። የተጠየቀው ገንዘብ በብዙ ወረደ።

የሥራ ቀጣይነት ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይ.ኤስ.ኦ 22301 ይባላል። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ወጥቶ በ2019 ታድሷል። ቋንቋው ከባድ ነው፤ ልቡ ግን ይኸው ነው። ምን ቢቆም ነው የምንጎዳው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ መመለስ አለበት፣ ይህንንስ ሞክረነዋል ወይ።

ደግሞ ከዚያች ሌሊት በኋላ ካስተካከልናቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አልጠየቁም። ትርፍ ቁልፍ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጥበቃ ቤት ተሰቀለ። የስልክ ቁጥሮቹ በየወሩ መጀመሪያ ይደወልባቸዋል፤ ያልተነሳ ቁጥር ከዝርዝሩ ይወጣል። ከበሩ በታች በኩል 30 ማዳበሪያ አሸዋ ተደረደረ፣ በላስቲክ ተሸፈነ። ወንዙ ሲሞላ ውሃው የሚገባበትን ቦታ የነገሩን ደግሞ ጋሼ ናቸው። ለገዳዲ ሞልቶ ሲለቀቅ ታች ያለነው አቃቂዎች እንድንጠነቀቅ ማስታወቂያ ይነገራል፤ እሳቸው ሬዲዮ አይለያቸውም፣ ከሁላችን ቀድመው ይሰማሉ።

የክሊኒክ ነርስ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20)

አዳሬ ሥራ ላይ ነበር፤ አሁን ነው ያነበብኩት። ሰበታ መውጫ ላይ ባለ ክሊኒክ ነው ያለሁት።

እናንተ መብራትና ውሃ አላችሁ፤ እኔ ኔትዎርክ ልበል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት ነበር። የታካሚው ካርድ፣ የመድኃኒት ቆጠራው፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። የድሮውን መዝገብ ከመደርደሪያ ላይ አቧራውን አራግፈን አወረድነው። ከእኛ መሃል በመዝገብ መሥራት የሚያውቁት ሁለት ሲስተሮች ብቻ ነበሩ። ዛሬም በዓመት ሁለት ቀን ሆን ብለን በወረቀት ነው የምንሠራው። አዳዲሶቹ ልጆች ይጨናነቃሉ፤ ግን እጃቸው ይለምዳል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር ብዙ ሰው አላሰበውም። ከ2015 ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰለው ነው። ኔትዎርክ ከሌለ ናፍጣ መግዛት አትችልም። በጀሪካን ልቅዳ ካልክ ደግሞ ደብዳቤ ትጠየቃለህ። ስለዚህ "ናፍጣ ሲያልቅ እንገዛለን" የሚል ዕቅድ በባሰው ቀን አይሠራም። እኛ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ነው የምንሞላው። ደብዳቤው ቀድሞ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ፋይል ውስጥ አለ። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም በካዝና አለ፤ ለኮንትራት ታክሲ፣ ለተሸካሚ።

የክትባት ፍሪጁ በር ላይ "መብራት ከሌለ አይከፈትም" ብለን በአማርኛና በኦሮምኛ ለጥፈናል። የጋሼን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ያደረጉት እኛ በሥልጠና የተማርነውን ነው።

ጄኔሬተር ጠጋኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

እህቴ ስለ ናፍጣው ጥሩ አነሳሽ። አንድ ነገር ልጨምር። ናፍጣ ብዙ ከቆየ ይበላሻል፤ ከዓመት በላይ የተኛ ናፍጣ ላይ አትተማመኑ። ክረምት ላይ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከታች ባለችው ቡሎን በየወሩ ትንሽ ማፍሰስ ነው። በጠርሙስ ስትቀዱት ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ሞተሩን ደግሞ መስኮት ሥር ወይም ዝግ ቤት ውስጥ አታስነሱት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሰው ይገድላል።

እሳት አደጋ የነበርኩ (ረቡዕ፣ ቀትር 6፡30)

ስለ እሳት ማንም አላነሳም። ዓመታት እሳት አደጋ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪና ማስገቢያ ጠፍቶ እንዴት እንደተጨነቅን ሁሉም አይቷል። ዳር ከተማ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ቦታው ሰፊ ነው፤ ግን አይገኝም። የመንገድ ስም የለም። ደዋዩ "ኮብልስቶኑ ሲያልቅ በግራ" ይላል። ኮብልስቶኑ ያለቀበት ደግሞ አራት ቦታ ነው። 939 ስትደውሉ የምትሉትን ቀድማችሁ ጻፉት። ከዋናው አስፋልት ጀምሮ፣ የሚታወቅ ምልክት፣ ስንት ሜትር፣ የበሩ ቀለም። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ድረስ ይውጣ። ሌሊት በእጁ ባትሪ የሚያወዛውዝ ሰው ከምንም ካርታ ይበልጣል።

ብዙዎቻችሁ ያላችሁት ድንበር ላይ ነው። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። አጥር ለአጥር ተያይዘው አንዱ ግቢ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሸገር የሆነበት ቦታ አለ። እሳት እየነደደ ወደየትኛው ልደውል አይባልም። ዛሬ ሂዱና በአቅራቢያችሁ ያለውን ጣቢያ በአካል ተዋወቁ። የሁለቱንም ወገን ቁጥር ያዙ። በራችሁ ላይ ብረት ቅስት ካለ ቁመቱን ለኩ፤ መኪናችን ረጅም ነው።

ለጥበቃው ደግሞ አንድ ነገር በደንብ አስተምሩት። መጀመሪያ መብራቱ ይቆረጥ። የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ውሃ አይደፋም። የእሳት ማጥፊያው ላይ ያለችው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኗን በየወሩ እሱ ራሱ ይያት። ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ ግን ቀስት የለውም፣ በክብደቱ ነው የሚታወቀው።

የሌሊት ተረኛ (ሐሙስ፣ ማታ 1፡50)

እኔ ጥበቃ ነኝ። ለገጣፎ አንድ ፋብሪካ ነው የምጠብቀው። ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ፣ የምለውንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ።

የጻፋችሁት ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አልገባችሁም። እኔ መስታወቱን ሰብሬ ቁልፉን ባወጣ፣ ብሬከሩን ባወርድ፣ ማሽን ቢቆም፣ በማግስቱ "ማን ንካ አለህ?" ነው የምባለው። ዕቃ ቢበላሽ ከደመወዜ ይቆረጣል። ባልነካው ግን "ደውያለሁ" እላለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ስለዚህ ብዙ ጥበቃ ቆሞ ያያል። ስለማያውቅ አይመስላችሁ። እኔ መብራት ሊሄድ ሲል የትራንስፎርመሩ ድምፅ ሲለወጥ እሰማለሁ። የማወቅ ጉዳይ አይደለም፣ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ሌላው፣ ደውሉ ደውሉ ትላላችሁ። የኛ ጥበቃ ቤት ሶኬት የለውም። ስልኬ እስከ 6 ሰዓት ቢቆይልኝ ነው። አንዳንዶቻችን ቀን ላይ ጄኔሬተር ቤቱ ሲከፈት እዚያ ሰክተን እናስሞላለን።

ቱሉ ዲምቱ ኮሚቴ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡10)

አባቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጥበቃችን ደብተር ሰጠሁ እንጂ ፈቃድ አልሰጠሁም። የበሽተኛዋን ቤት በር አንኳኩቶ ሰው ቢቀሰቅስ ምን ይባል ይሆን ብሎ እንደሚፈራ አሁን ገና ታየኝ። እሑድ ስብሰባ አለን፤ በቃለ ጉባኤ እናስገባዋለን።

የመጋዘኑ ሰው (ሐሙስ፣ ማታ 3፡30)

አባቴ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎንም አመስግኑልኝ።

ስለ ፈቃዱ፦ ዛሬውኑ ጽፌ አስፈርሜዋለሁ። እንዲህ ይላል። "መብራት ተቋርጦ ጄኔሬተሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተነሳ፣ ውሃ ከበሩ ደረጃ ካለፈ፣ ወይም ጭስ ከታየ፣ ተረኛ ጥበቃው የቁልፍ ሳጥኑን መስበር፣ ዋናውን ብሬከር ማውረድ፣ በሮችን መክፈትም ሆነ እንዳይከፈቱ መከልከል ይችላል። በዚህ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት አይጠየቅም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም።" የሥራ አስኪያጁ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም አለበት። አንድ ቅጂ ጥበቃ ቤት ይሰቀላል፣ አንድ ቅጂ ለጋሼ በእጃቸው ተሰጥቷል። አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከቱ። በኦሮምኛም እየተጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ተረኛችን የሚቀለው እሱ ነው።

ስለ ሶኬቱ ደግሞ። ከነሐሴ ጀምሮ ያን የስልክ ቻርጀር ማን እንደሰካው ሳስብ ነበር። ቴክኒሻኑን ወቅሼዋለሁ። ጄኔሬተር ቤቱ ውስጥ "ሌላ ዕቃ መሰካት ክልክል ነው" ብዬ ትልቅ ወረቀትም ለጥፌያለሁ። መልዕክትዎን እንዳነበብኩ ወደ ግቢ ደወልኩና ጋሼን ጥበቃ ቤቱ ሶኬት አለው ወይ አልኳቸው። "የለውም፤ ቀን ላይ ከዚያ ነበር የምናስሞላው፤ አሁን ከተከለከለ ወዲህ ሱቅ እየሰጠን ነው" አሉኝ።

ነገ ጠዋት ኤሌክትሪሻን ይዤ እገባለሁ። ሁለት ሶኬት ለጥበቃ ቤቱ፣ ከትንሹ ማሽን ጋር የሚገናኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሳለሁ።

የሌሊት ተረኛ (ሐሙስ፣ ማታ 3፡55)

ያን ደብዳቤ ልጄ በእጁ ገልብጦልኛል። ቅዳሜ ለአለቃዬ አሳየዋለሁ። ሶኬቱን ሲያስገቡ አምፖልም ይጨምሩበት፤ በጨለማ ቁጥር አይነበብም።